ወረቀቱ ያላየው በር

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ይህ የአንዲት ግራጫ ኮሮላ ታሪክ ነው፤ ከመኪናዋም ይልቅ የባለቤቷ። ባለቤቷ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታናሽ። ከአዲስ አበባ ወጥታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው። ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተራ ይደርሳታል። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እሷ ቁልፏን ይዛ ትወጣለች፤ ሰው ሲነሳ እሷ ትተኛለች።

ኮሮላዋን የገዛቻት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የዚያው ዓመት ሞዴል፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳን ሳይነሳ። በየወሩ እየከፈለች 5 ዓመት ቆየች፤ ዕዳው ያለቀ ዕለት ቡና አፍልታ ጠራችን። ዘይት የምትቀይርበትን ቀን ግድግዳዋ ላይ በተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ ከበዓላቱ ጎን ትጽፈዋለች። ደረሰኝ አትጥልም። የጎማ፣ የፍሬን፣ የባትሪ፣ የምርመራ፣ ሁሉም በአንድ ሰማያዊ ክላሰር ውስጥ በቅደም ተከተል ተቀምጧል። አንድ ቀን "እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ምን ያደርግልሻል?" ብላት፣ "ሰው ቢጠይቀኝ መልስ ይኑረኝ ብዬ ነዋ" አለችኝ።

ነገሩ የተጀመረው በ2019፣ በፍልሰታ ጾም፣ እሑድ ቀን ነው። ከቅዳሴ ወጥታ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች መኪናዋ ውስጥ ገብታ ገና ሞተር ሳታስነሳ፣ አጠገቧ ቆሞ የነበረ ፒካፕ ወደ ኋላ ሲወጣ የግራ የኋላ በሯን ገፋው። ሾፌሩ ወጣት ልጅ ነው። ወዲያው ዘሎ ወርዶ እግሯ ላይ ሊወድቅ ደረሰ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ! አላየሁም። ኢንሹራንስ ምናምን ውስጥ ባንገባ ምን ይመስልዎታል? የማውቀው ጋራዥ አለ፤ በጥሬ ገንዘብ አሠራልዎታለሁ። በሦስት ቀን አዲስ ሆና ትወጣለች።"

ልጁ ክፉ አልነበረም። የኢንሹራንስ ክፍያው እንዳይጨምርበት ፈርቶ ነው፤ ማናችንም ብንሆን እንፈራለን። አክስቴ ግራ ሲገባት ደወለችልኝ። እኔም፣ "እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሰው አገር በቃል አይያዝም። በኢንሹራንስ ይሂድ፤ ሁሉም ነገር በወረቀት ይሁንልሽ" አልኳት። ይህን ያልኳት እኔ ነኝ። ልብ በሉልኝ።

ፖሊስ አልመጣም፤ ሰው አልተጎዳም፣ ሁለቱም መኪኖች ይሄዳሉ። የልጁ ኢንሹራንስ ጥፋቱን አምኖ ከፈለ። ኢንሹራንሱ የመራት ጋራዥ በሩን በአዲስ ቀየረ፣ ከበሩ ኋላ ያለውን ላሜራ አቃና፣ ቀለሙን አመሳስሎ ቀባና በ9 ቀን አስረከባት። ሒሳቡ 1,840 ዶላር። ደረሰኙ ክላሰሩ ውስጥ ገባ።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ዘንድ ወሰድናት። ጋሼ የምንለው ሰው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ባቲላሜራ ሲሠራ ያደገ፣ ዛሬ እዚሁ ሜሪላንድ ትንሽ ጋራዥ ያለው ሽማግሌ ነው። መኪና ሲያይ አይቸኩልም። መጀመሪያ ከኋላ ጥጓ ላይ ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነና ጎኗን በብርሃን አየ፤ ቀለሙ ላይ የሚታየው የሰማይ ጥላ ከተወለጋገደ ላሜራው በደንብ አልተቃናም ማለት ነው። ቀጥሎ በጣቱ አንጓ አንኳኳ፤ ንጹሕ ላሜራ ይጮኻል፣ ስቱኮ የተሞላ ድምፁ ይታፈናል። መጨረሻ ላይ ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለች ማግኔት አወጣ። መሐረቡ ቀለም እንዳትጭር ነው። ማግኔቷን በሩ ላይ ለጥፎ ወደ ኋላ፣ ከዚያም ከጎማው በላይ ቀስ እያለ ጎተታት። የትም ቦታ አልለቀቀችም። የበሩን ላስቲክ ገልጦ የብየዳ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካ፤ ምንጣፉን አንስቶ ወለሉን አየ።

"ሻንሲዋን ነፋስ አልነካትም" አለ። "በር ቀየረች እንጂ ሌላ ምንም አልሆነችም።"

አክስቴ ዕልል አለች። እንዲህ ሆኖ አለቀ ብለን ወደየቤታችን ሄድን።

አራት ዓመት አለፈ። በ2023 ልጇ ከሦስት ልጆቿ ጋር ከአዲስ አበባ ልትመጣ ሆነ። አምስት ሰው፣ ሻንጣ፣ የሕፃን ወንበር፤ ኮሮላዋ አትበቃም። አክስቴ ሰፋ ያለ መኪና አይታ፣ ኮሮላዋን ሰጥታ ልዩነቱን ልትከፍል ወደ አንድ መኪና ሻጭ ሄደች። ክላሰሩንም ይዛ።

ሠራተኛው ጎንበስ አለና በፊት መስታወቱ ሥር፣ በሾፌሩ በኩል ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ በስልኩ አነሳ። አገር ቤት የሻንሲ ቁጥር የምንላት ናት። ከ1981 ሞዴል ወዲህ በአሜሪካ የሚሸጥ መኪና ሁሉ 17 ፊደልና አኃዝ የያዘ የራሱ ቁጥር አለው። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አይገቡበትም። የአክስቴ በ2 ይጀምራል፤ ካናዳ ተሠርታለች ማለት ነው። ዘጠነኛው ቦታ ላይ ያለው ምልክት ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ነው፤ ቁጥሩን የሚገለብጥ ሰው አንዷን ቢስት ስሌቱ አልመጣ ይልና ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ይያዛል። አያችሁ፣ ለቁጥሩ ይህን ያህል ተጠብቦለታል። ከቁጥሩ ጀርባ ለሚጻፈው ታሪክ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አልቆመለትም።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የመኪናዋን ታሪክ የሚናገረው ወረቀት ታትሞ ወጣ። ሰውየው መኪናዋን ዞሮ አላየም። በሯን አልከፈተም። ወረቀቱ ላይ "አደጋ ተመዝግቧል፤ ጉዳት፦ መካከለኛ፤ ግራ ጎን" ይላል። ያቀረበላት ዋጋ ተመሳሳይ ዕድሜና ኪሎ ሜትር ላላት ኮሮላ ከሚከፍለው በ2,300 ዶላር ያንሳል። ክላሰሩን ከፍታ ደረሰኙን ብታሳየው በትሕትና መልሶ ዘጋላት። "እመቤቴ፣ እርስዎን አምናለሁ። ዋጋውን የሚቀንሰው ግን እኔ ሳልሆን ሲስተሙ ነው" አላት።

ስትደውልልኝ ድምጿ ሌላ ሆኗል።

"አንተ ልጅ፣ አደጋ አድርሰሻል አሉኝ እኮ! እኔ በሕይወቴ ሰው ገጭቼ አላውቅም።"

መኪናዋ የቆመች ነበረች። ሞተሯ እንኳን አልተነሳም። ወረቀቱ ግን ገጪና ተገጪ አይለይም። በዚያን ጊዜ ደመወዟ በሰዓት 17 ዶላር ነበር። 2,300 ዶላር ታክሱ ሳይነሳ ከ135 ሰዓት በላይ ነው፤ በ8 ሰዓት ተራ ሲቆጠር 17 ሌሊት። የሰው እናት እያገላበጠች፣ መድኃኒት እየሰጠች፣ አንሶላ እየቀየረች የምታድርባቸው 17 ሌሊቶች።

ስለ ወረቀቱ ብዙ የምለው አለኝ፤ ግን መነሻውን ሳልናገር ብፈርድበት ደግሞ እኔም የመኪና ሻጩን ሥራ ሠራሁ ማለት ነው። ይህ የመኪና ታሪክ ሪፖርት የሚባለው ነገር የተወለደው በበጎ ምክንያት ነው። ካርፋክስ የተባለው ኩባንያ በ1984 በሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ ሲመሠረት የተነሳው ኪሎ ሜትር የሚመልሱ አጭበርባሪዎችን ለመያዝ ነበር። ሪፖርቱ በዚያ ዘመን ለመኪና ነጋዴዎች በፋክስ ይላክ ነበር። አጭበርባሪዎቹ ዛሬም አልጠፉም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በዓመት ከ450,000 በላይ መኪኖች በተጭበረበረ ኪሎ ሜትር ይሸጣሉ ብሎ ይገምታል። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ ደግሞ ውኃ ውስጥ የሰነበቱ መኪኖች ታጥበውና ደርቀው ወደ ሌሎች ግዛቶች ሄደው ተሸጠዋል። መንግሥትም ቀደም ሲል በ1992 ሕግ አውጥቶ፣ ዛሬ በፍትሕ ሚኒስቴሩ ሥር የሚተዳደር፣ ኢንሹራንሶችና የአሮጌ መኪና ማከማቻዎች ከጥቅም ውጭ የሆነውን መኪና የሚያስመዘግቡበት አገር አቀፍ መዝገብ እንዲኖር አደረገ። አገር ቤት በደላላ ቃል መኪና ገዝቶ፣ ኪሎ ሜትሩ የተመለሰ መሆኑን ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ የሰማ ሰው የዚህን ጥቅም ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

የአክስቴ ሪፖርት የየትኛው ኩባንያ እንደነበረ አልናገርም። የማወራው ስለ አሠራሩ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መረጃው ከመንጃ ፈቃድና መኪና ምዝገባ ቢሮዎች፣ ከፖሊስ፣ ከኢንሹራንስ፣ ከጋራዥ፣ ከጨረታ ቤት እየተለቀመ በዚያ ባለ 17 ምልክት ቁጥር ሥር ይከማቻል። ካርፋክስ ራሱ ምንጮቹ ከ100,000 በላይ እንደሆኑ ይናገራል። መዝገቡን የሚያጠናቅረው ግን መኪናዋን በዓይኑ አይቶ፣ ባለቤቷን ጠይቆ አይጽፍም። አንዱ ጋር "በር ተቀየረ" የተባለው ሌላው ጋር ሲደርስ "የጎን ጉዳት" ይሆናል፤ የጎን ጉዳቱ ደግሞ ወደ ሪፖርቱ ሲገባ "አደጋ" ተብሎ ርእስ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በር የቀየረችው መኪናና ዛፍ ላይ የተጠመጠመችው መኪና በአንድ ቃል ይጠራሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ከዚህም ሌላ ነው፤ ወደ መዝገቡ የማይገባው።

ሁለተኛይቱን መኪና ልንገራችሁ። ጥቁር፣ ትልቅ፣ ባለ ሰባት ወንበር ናት። አክስቴ ከመኪና ሻጩ በተመለሰች ሰሞን ጋሼ ጋራዥ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ይዘዋት መጡ። ከገዟት ሁለት ወር አልሞላትም። "ጋሼ፣ የፊት ጎማዋ ከውስጥ በኩል ብቻ ይበላል፤ መሪውን ስለቀው ወደ ቀኝ ትሄዳለች" አለ ባልየው። ሚስትየዋ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋች። "ይኸው፣ ከመግዛታችን በፊት አይተናል። ምንም አደጋ አልተመዘገበም ይላል።" እውነቷን ነው፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍለዋል።

ጋሼ ኮፈኑን ከፈተ። ምንም አልተናገረም። ማግኔቷን በመሐረብ ጠቅልሎ የፊት ቀኝ ፓራፋንጎው ላይ አደረጋትና እጁን አነሳ። ማግኔቷ ወደቀች። አንስቶ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አደረጋት፤ ወደቀች። ከሥሯ ገብቶ በባትሪ ሲያይ ከራዲያተሩ ኋላ ያለው የሻንሲ ጫፍ ተቆርጦ በእጅ የተበየደ፣ ብየዳውም በጥቁር ቀለም የተሸፈነ ነበር። ሲወጣ ጉልበቱን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ፣ "ልጆቼ፣ ይቺ መኪና ክፉኛ ተጋጭታለች" አላቸው።

ወረቀቱ ለምን አላወቀም? ቀድሞ የነበረው ባለቤት ለማንም ስላልተናገረ። ከሌላ መኪና ጋር አልተጋጨ ይሆናል፤ ወይም ሙሉ ኢንሹራንስ የለው ይሆናል። በጥሬ ገንዘብ አሠርቶ ሸጣት። ፖሊስ ከሌለ፣ ኢንሹራንስ ከሌለ፣ ደረሰኝ ከሌለ አደጋ የለም።

ያን ቀን ከጋራዡ ስወጣ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አክስቴ እውነቱን ስለተናገረች 2,300 ዶላር ተቀጣች። በኢንሹራንስ ይሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። የፒካፑ ልጅ ያለውን ብትሰማ ኖሮ፣ ያ በር በሦስት ቀን በጥሬ ገንዘብ ተሠርቶ፣ መኪናዋ ዛሬ "ንጹሕ" ትባል ነበር። ዝም ያለው ሰው ደግሞ ሙሉ ዋጋውን ወሰደ፤ ሒሳቡን እነዚያ ወጣቶች ይከፍሉታል፤ ልጆቻቸውንም በዚያች መኪና ይጭናሉ። እውነት የሚናገረውን የሚቀጣ መዝገብ ውሎ አድሮ ዝም ማለትን ያስተምራል። እዚህ ሜሪላንድ ስንቱ ሐበሻ ታክሲ፣ ኡበርና ሊሞ እየነዳ ልጆቹን እንደሚያሳድግ ታውቃላችሁ፤ መኪናው መሥሪያውም ጥሪቱም ነው። "ኢንሹራንስ አትጥሩ፣ ወረቀቷ ይበላሻል" የሚለው ምክር ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ሪፖርቱን ላወጣው ኩባንያ ጻፍኩ፤ ደረሰኙን፣ በሩን የቀየረው ጋራዥ ያነሳቸውን ፎቶዎች ሁሉ አያያዝኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ መረጃው ከምንጫችን በደረሰን መልኩ የተመዘገበ ነው፤ ምንጩ ካረመው እናርማለን። ምንጩ ማን ነው? ጋራዡ ነው አሉ። ጋራዡ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ነው፤ የሥራ ትእዛዙን ፈልጎ አሳየኝ። "የጻፍነው 'የግራ የኋላ በር ተቀየረ፣ የጎን ላሜራ ተቃና' ብለን ነው። 'መካከለኛ' የሚል ቃል ከእኛ አልወጣም" አለኝ። ኢንሹራንሱ ዘንድ ስደውል ፋይሉ ተዘግቷል ተባልኩ። እንግዲህ "መካከለኛ" የምትለዋን ቃል የወለዳት ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ። የሥራ ትእዛዙን አያይዤ ድጋሚ ጻፍኩ፣ ሦስተኛም ጻፍኩ። በመጨረሻ "መካከለኛ" ተነሳና "አነስተኛ" ተተካ። "አደጋ ተመዝግቧል" የሚለው ግን ከነቦታው ቀረ። ወደ መኪና ሻጩ ተመልሰን ስንሄድ ቅናሹ ከ2,300 ወደ 1,900 ዶላር ወርዷል። አንዲት ቃል 400 ዶላር ነበረች።

በአሜሪካ ስለ አንድ ሰው የብድር ታሪክ ስሕተት ቢጻፍ ከ1970 ጀምሮ የቆመለት ሕግ አለ። ሰውየው ተቃውሞ ካቀረበ መዝጋቢው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መመርመር፣ ማረጋገጥ ያልቻለውንም ማንሳት ግዴታው ነው። ያ ሕግ የተጻፈው ግን ለሰው ነው። የመኪና ታሪክ የመኪና ተብሎ ከዚያ ጥላ ውጭ ቀርቷል። እኔ የምጠይቀው፣ 17ቱን ሌሊት የምትሠራው መኪናዋ ናት ወይ?

ሌላም መንገድ ነበር፤ ዘግይተን ሰማነው። መኪና በደንብ ቢጠገንም እንኳን በመገጨቷ ብቻ ዋጋዋ እንደሚወርድ ፍርድ ቤቶች ያውቃሉ። በ2001 የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኢንሹራንስ ይህን የዋጋ መውረድም ገምቶ መክፈል እንዳለበት ወስኗል፤ አትላንታ ያላችሁ ይህን ጠይቁ። በሜሪላንድም የተገጨ ሰው ይህን ኪሳራ ከገጪው ወገን መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ለእንዲህ ያለ ክስ የተሰጠው ጊዜ 3 ዓመት ነው። አክስቴ የመኪናዋ ዋጋ መውረዱን ያወቀችው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የልጁ ኢንሹራንስ ቼኩን ሲልክላት ስለዚህ አንድ ቃል አልነገራትም። መዝገቡም በስሟ ያለ መኪና ላይ "አደጋ" ብሎ ሲጽፍ አንዲት ደብዳቤ አልላከላትም። የሚጎድለን ይህ ነው፦ በአንድ ሰው ንብረት ላይ ዋጋ የሚያሳጣ ነገር ሲጻፍ ለባለቤቱ በዚያው ሰሞን ይነገረው። የጥገናው ሒሳብ፣ ፎቶው፣ ማን ማንን እንደገጨ ከቃሉ ጎን ይቀመጥ። 1,840 ዶላር የሚለው ቁጥርና የበሩ ፎቶ እዚያ ቢኖር ኖሮ ገዢው ራሱ ይፈርድ ነበር።

አክስቴ ክላሰሯን ይዛ ከመኪና ሻጩ ስትወጣ፣ "አልሸጣትም" አለችኝ። "የሠራሁባቸውን ሌሊቶች በአንድ ቃል አልሰጥም።"

ልጇ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰች ማለዳ ሁለት መኪና ሆነን ሄድን። ሻንጣውን እኔ ጫንኩ። ልጆቹን አያታቸው ለሰው አልሰጥም አለች። ሁለቱ ትልልቆቹ ከእናታቸው ቀድመው ኮሮላዋ ውስጥ ገብተው ተሻሙ። ትንሹ፣ የአምስት ዓመቱ፣ በግራ የኋላ በር ገባ። አክስቴ ራሷ ቀበቶውን አሰረችለትና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በሩ አንዴ "ድም" ብሎ ገጠመ። ከኋላቸው እየነዳሁ አውራ ጎዳናው ላይ ስደርስባቸው ሕፃኑ ጉንጩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ያንን በር ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል።